ከምሽቱ 3 ሰዓት የተወጋሁት መርፌ

ሦስት ልጆች ወልጃለሁ። የመጀመሪያዋን አዲስ አበባ በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ምንም ማስታገሻ፣ ሁለተኛውን ለንደን በሚተነፈስ ጋዝና በደም ሥር በሚገባ መድኃኒት፣ ሦስተኛዋን እዚያው ለንደን በወገብ መርፌ (ኤፒዱራል በሚሉት ማደንዘዣ) ተገላገልኩ። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ደውላ «ለምጥ ህመም የትኛው ይሻላል?» ስትለኝ መልሱ በእጄ ያለ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራን። ስልኩን ስዘጋ ግን አብዛኛው የነገርኳት ስለ ሰዓት እንደሆነ ገባኝ፤ ምን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠየቅና በየትኛው ሰዓት እንደሚያመልጥ። ለእሷ ያወራሁትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ክትትሌን አንድም ቀን አላጓደልኩም። የደም ግፊቴን ተለካሁ፣ የብረት እንክብሌን ዋጥኩ፣ ክትባቴን ተከተብኩ። ስለ ምጥ ግን አንድም ጥያቄ ከአፌ አልወጣም። ባደግኩበት ቤት ነፍሰ ጡር ስትታይ «በሽልም ያውጣሽ» ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። እናቴ ስድስታችንንም የወለደችው ቤት ውስጥ ስለነበር ስለ ህመም መጠየቁ ራሱ ቅምጥልነት መሰለኝ።

ስህተቴ የጀመረው ወገቤን ገና ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርገኝ ወደ ሆስፒታል በመሮጤ ነው። የማህፀን በር የተከፈተው ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። «ገና ነሽ፣ ሂጂና ሲጠናብሽ ተመለሺ» ተባልኩ። ቤታችን ሩቅ ስለሆነ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አደርኩ፤ እህል ውሃ ሳልቀምስ። ሲነጋ አልጋ ሲሰጠኝ ጉልበቴ አልቆ ነበር። ባለቤቴና እናቴ ከበር ተመለሱ፤ ያኔ እዚያ ክፍል ቤተሰብ አይገባም ነበር። በጀርባዬ ተንጋልዬ ምጡ ሲመጣ ትንፋሼን ይዤ ጥርሴን እነክሳለሁ። መጮህ ነውር መስሎኛል። ከቀትር በኋላ ግን ነውሩም ቀረ።

ማምሻው ላይ አንዲት ተለማማጅ አዋላጅ ገባች። በእጇ ምንም መድኃኒት አልነበረም። ከአልጋው አስወርዳ በሁለት ክንዴ የአልጋውን ጠርዝ እንድደገፍ አደረገችኝና በመዳፏ ከወገቤ ዝቅ ብላ፣ ከጭራ አጥንቴ ትንሽ ከፍ ብላ፣ አጥብቃ ገፋችኝ። ምጡ ሲመጣ ትገፋለች፣ ሲሄድ ታቆማለች። «ትንፋሽሽን አትያዢው፤ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ በረጅሙ አውጪው» አለችኝ። ህመሙ አልጠፋም። ሆኖም እስከዚያ ድረስ ማለቂያ የሌለው አንድ ነገር ይመስለኝ የነበረው ምጥ መጥቶ የሚሄድ፣ በመካከሉ ማረፊያ ያለው መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ስሟን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያቺ ልጅ ያደረገችልኝን ሁሉ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ላይ ከዓመታት በኋላ አገኘሁት። ወላዷ የምትመርጠው ሰው አጠገቧ እንዲሆን፣ እንድትንቀሳቀስና ቀጥ ብላ እንድትቆይ፣ ችግር ከሌለባት እንድትበላና እንድትጠጣ፣ መታሸትና ሞቅ ያለ ጨርቅ እንዳይነፈጋት ይመክራል። ማስታገሻ መድኃኒት ለጠየቀችም እንዲሰጣት ይላል። በሀገራችን በአብዛኛው የመንግሥት ሆስፒታል የወገብ መርፌ ለተራ ምጥ ስለማይሰጥ፣ ሀገር ቤት ያለሽ እህቴ፣ እነዚህን ቀላል ነገሮች እንዳትንቂያቸው። ለአንቺ ዋናው መድኃኒት እነሱ ናቸው። አብሮሽ የሚገባው ሰው የት ቦታ መግፋት እንዳለበት ከወዲሁ አሳዪው። በምጥ መካከል ማስተማር አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ።

ልጄ ደህና ተወለደች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ግራ እግሬ አብጦ ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ፤ ደም ረግቶ ነበር። ታክሜ ዳንኩ። ይህን የማነሳው የሁለተኛው ልጄ ታሪክ ሁሉ ከዚህ ስለሚመዘዝ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ለንደን ሆኜ ሁለተኛውን ሳረግዝ፣ ደሜ ዳግም እንዳይረጋ በየምሽቱ ራሴን የምወጋው የሄፓሪን ዓይነት የደም ማቅጠኛ ታዘዘልኝ። በስምንተኛው ወር ከማደንዘዣ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ተያዘልኝ። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ባለቤቴ አስተረጎመ። ሐኪሟ ረጅም ነገር ተናገረች፣ በጣቶቿም ቆጠረች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ «መርፌውን በሰዓቱ ተወጊ እያለችሽ ነው» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ያለችው ግን ይህ ነበር፦ መርፌውን በየቀኑ በሰዓቱ ተወጊ፤ ምጥ የጀመረሽ ከመሰለሽ ግን እንዳትወጊ፣ ደውይልን። ባለቤቴ የያዘው ግማሹን ነው።

በዚያ ሀገር የሕዝብ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል፤ መጠየቅ ብቻ ነው። እኔ አልጠየቅኩም፤ ባል እያለኝ ባዳ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ሰው ሀገር የምትወልዱ ሁሉ፣ ባል ባል ነው፣ አስተርጓሚ አይደለም። ያላወቀውን ቃል ዘልሎ የሚወዳችሁን ያህል ያሳጥረዋል።

ያን ዕለት ማታ ሆዴ በየአሥራ አምስት ደቂቃው እየጠነከረ ይለቅ ነበር። የመጀመሪያው ምጤ ከአንድ ቀን በላይ ስለፈጀ ይህ ገና ማስጠንቀቂያ ነው ብዬ ናቅኩት። ከአንዲት የሀገሬ ልጅ የተዋስኩትን ቴንስ የሚሉትን ትንሽ መሣሪያ ወገቤ ላይ ለጠፍኩ። አራት ለጣፊ አለው፤ ቆዳን በቀስታ እየነዘረ ሐሳብን ከህመሙ ያዘናጋል። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ረድቶኛል፣ ወጥ እየሠራሁ ነበር። ምጡ ሲጠና ግን የትንኝ ያህል እንኳን አልተሰማኝም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው) እንደ ልማዴ መርፌዬን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ሆዴን በሁለት ጣት ቆንጥጬ ወጋሁ። አሥር ሰከንድ የማይሞላ ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት አስከፈለኝ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ማዋለጃ ክፍል ስንደርስ አራት ሴንቲ ሜትር ደርሻለሁ። ልጁ ጀርባውን ወደ ጀርባዬ አዙሮ ስለተኛ ህመሙ ሁሉ ወገቤ ላይ ተከማችቷል። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ «የወገብ መርፌ» አልኩ። ማደንዘዣ ሐኪሙ መጣና የመጀመሪያ ጥያቄው «የደም ማቅጠኛውን ለመጨረሻ ጊዜ የተወጋሽው መቼ ነው?» የሚል ሆነ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጠዋት ነው በያቸው» አለኝ። ክፋት ኖሮት አልነበረም፤ ስቃዬን ማየት አቅቶት ነው። ልዋሽ ወይስ እውነቱን ልናገር ስል አንድ ምጥ አለፈ። ከዚያ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» አልኩ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በቀስታ አስረዳን። መርፌው የሚገባው በአከርካሪ ውስጥ ባለ ጠባብ ስፍራ ነው። ደሙ በቀጠነ ሰው ላይ እዚያ ደም ከፈሰሰ ተጠራቅሞ ነርቭ ይጫናል፣ እግር እስከ ማሽመድመድ ሊያደርስ ይችላል። አይበዛም፤ ከደረሰ ግን መዘዙ ከባድ ነው። እንደ እኔ ለመከላከያ አነስተኛ መጠን ለሚወጉ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከፍ ያለ የሕክምና መጠን ለሚወጉ ሃያ አራት ሰዓት ማለፍ አለበት። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ያቺን «ጠዋት» የምትል ቃል ብናገራት ኖሮ ምን ሊመጣ ይችል እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ማደንዘዣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ የወሰዳችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን።

እናም ወደ ጋዙ ሄድን። ግማሹ ኦክስጅን፣ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ከግድግዳው በሚመጣ ቱቦ ጫፍ ያለውን አፍ ላይ ይዞ መሳብ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አልሠራልኝም፣ ምክንያቱም ህመሙ ጫፍ ሲደርስ ነበር የምስበው። አዋላጇ አስቆመችኝና እጄን ሆዴ ላይ አድርጋ «መጠንከር ሲጀምር ሳቢ፣ ህመሙን አትጠብቂው» አለችኝ። ጋዙ ለመሥራት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ቀድመሽ ካልጀመርሽ ህመሙ ከሄደ በኋላ ነው የሚደርሰው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተለወጠ። ህመሙ እዚያው አለ፤ ግን ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ጭቅጭቅ ራቀኝ። አፍ ያደርቃል፣ ያዞራል፣ አንድ ጊዜም አስታወከኝ። መሳብ ሲያቆሙ ወዲያውኑ ከሰውነት መውጣቱ ግን ትልቅ በረከት ነው፤ ያልወደደችው ትተወዋለች።

በዚያ ስካር ውስጥ ሆኜ ያለማቋረጥ «ማርያም፣ ማርያም» እል ነበር። አዋላጇ ወደ ባለቤቴ ዞራ በትህትና «ማርያም ማን ናት? ስልኳ ካለህ እንጥራት እንዴ?» አለችው። ከምጥ ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ። ባለቤቴም መጥታለች አላት።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጋዙ አልበቃ አለኝ። ያኔ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የቀረበልኝ። ሬሚፌንታኒል ይባላል፤ የወገብ መርፌ ለማይፈቀድላቸው ሴቶች አንዳንድ ሆስፒታሎች ይሰጡታል። በእጅ ደም ሥር በኩል ይገባል፣ እናቲቱ በእጇ ቁልፍ ትይዛለች፣ ስትጫን ጥቂት መጠን ይለቃል። አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይሠራል፣ በጥቂት ደቂቃም ከሰውነት ይጠፋል። ጠንቁ ትንፋሽን ማዘግየቱ ነው። ስለዚህ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረጋል፣ አዋላጇም ከአጠገብ አትለይም። ባለቤቴ ሊያግዘኝ ቁልፉን ለመጫን እጁን ሲዘረጋ እጁን መታ አደረገችው። ከእናቲቱ በቀር ማንም እንዳይጫን የተደረገው ለደኅንነቷ ነው፤ ብዙ ደንዝዛ እንቅልፍ ከወሰዳት መጫን ታቆማለች።

ህመሙን ጨርሶ አላጠፋውም። በምጦቹ መካከል ግን አንቀላፋሁ፤ በመጀመሪያዋ ልጄ ጊዜ ያላገኘሁት ነገር። በእጅና በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ባለቤቴ ያቺ ተለማማጅ አዋላጅ ያሳየችኝን ቦታ እየገፋልኝ ነጋ። ልጄ የተወለደው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ነው። ለወገቡ መርፌ ሃያ ደቂቃ ሲቀረኝ።

በ2015 ዓ.ም. ሦስተኛዋን ሳረግዝ ትምህርቴን ተምሬ ነበር። አስተርጓሚ ጠየቅኩ፣ ጥያቄዎቼን በወረቀት ጻፍኩ። ሐኪሞቹም ምጡ በቀጠሮ እንዲጀመር ወሰኑ፤ መርፌዬን ከቀኑ በፊት በሰዓቱ አቆምኩ። በደም ሥር በሚንጠባጠብ ምጥ አምጪ መድኃኒት (ኦክሲቶሲን) የሚጀመር ምጥ ቶሎ ይበረታል፤ ስለዚህ ከመበርታቱ በፊት የወገቡን መርፌ ጠየቅኩ። ይህን አስምሩበት። ማደንዘዣ ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ ሊሆን ይችላል፣ ተዘጋጅቶ እስኪወጋ ጊዜ ይወስዳል፣ ከተወጋም በኋላ እስኪሠራ ሃያ ደቂቃ ገደማ አለ። አልቻልኩም እስክትዪ ከቆየሽ ሌላ አንድ ሰዓት አልቻልኩም እያልሽ ትቆያለሽ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን እንዳጎብጥ ሐኪሙ ሲያዝ አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ «እንጀራ ስትጋግሪ ምጣዱ ላይ እንደምታጎነብሺ» ብላ ከራሷ ጨመረችበት። ወዲያው ገባኝ። መጀመሪያ ቆዳውን የሚያደነዝዝ ቀጭን መርፌ ያቃጥላል፣ ከዚያ የሚሰማው ግፊት ብቻ ነው። መርፌው ይወጣና ፀጉር የመሰለ ቀጭን ቱቦ እዚያው ይቀራል፤ መድኃኒቱ የሚገባው በእሱ ነው። በዚያን ሰዓት መንቀሳቀስ ስለማይገባ ምጥ ከመጣብሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ግራዬ ብቻ ደነዘዘ። የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ እየረጩ «ቅዝቃዜው ይሰማሻል?» ይሉኛል፤ በቀኝ ብሽሽቴ በኩል ይሰማኛል፣ ምጡም በዚያ በኩል ብቻውን ይመጣል። እኔ ሲሆን ዕድሌ ነው ብዬ ልተወው ነበር። አዋላጇ ግን ሐኪሙን መልሳ ጠራችው፤ ቱቦውን ጥቂት ሳብ አድርጎ መድኃኒት ጨመረልኝና ተስተካከለ። በደንብ ካልሠራልሽ ዝም አትበዪ፤ የሚስተካከልበት መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት ተኛሁ። በምጥ ላይ ሆኜ፣ አራት ሰዓት።

ያለ ዋጋ ግን አይደለም። የደም ግፊቴ ወረደና በደም ሥር ፈሳሽ ተጨመረልኝ፤ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ፣ ቆዳዬ አሳከከኝ። ሽንት በቱቦ ነው። ለመግፋት የሚያስገድደው ስሜት በጣም ደክሞ ስለነበር ልጅቷ በራሷ ዝቅ እስክትል አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ከዚያም ምጡ ሲመጣ አዋላጇ እየነገረችኝ ገፋሁ። እግሬ ተመልሶ የራሴ የሆነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ከመቶ ሴቶች አንዷን ገደማ ደግሞ ስትቀመጥ የሚብስ፣ ስትተኛ የሚቀል ከባድ ራስ ምታት ይይዛታል። እንዲህ ያለ ራስ ምታት የአራስነት ድካም ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ሕክምና ስላለው ተመልሳችሁ ተናገሩ። የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ማነስ ወይም የደም መርጋት ችግር ያለባችሁ፣ ወገባችሁ ላይ ቁስል ወይም ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ያላችሁም በክትትል ጊዜ ንገሯቸው።

እናቴ በስልክ «ወገብሽን እስከ ዕድሜ ልክሽ ይዞሽ ይቀራል» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። የተወጋሁበት ቦታ ለጥቂት ቀናት አመመኝ እንጂ አልቀረም፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የጀርባ ህመምም ሆነ በኦፕራሲዮን መውለድ በወገብ መርፌ ምክንያት እንደማይመጣ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህንን ሳስረዳት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ ሳቀችብኝ። ሌሎች ደግሞ ምጥ የሔዋን ዕዳ ነው፣ መድኃኒት መውሰድ አይገባም ይላሉ። ጥርስ ለመንቀል ማደንዘዣ ስንወጋ ማንም ጥቅስ ሲጠቅስብን አላየሁም። በሌላ በኩል ያለ መድኃኒት መውለድ ፈልጋ የቻለችም ብርቱ ናት፤ ምርጫዋ ከሆነ። የእኔ የመጀመሪያው ምርጫ አልነበረም። ከሦስቱ የትኛውን ትደግሚያለሽ ብባል የወገቡን መርፌ ነው፤ አልዋሽም።

እህቴ ከዚያ ስልክ በኋላ ጥያቄዎቿን ጽፋ ሄደች። በምትወልድበት ሆስፒታል ምን ማስታገሻ አለ? ማደንዘዣ ባለሙያው በሌሊትና በበዓል ቀን አለ ወይ? ማን አብሮኝ ይገባል? ተነሥቼ መሄድ ይፈቀድልኛል? የወገብ መርፌ ለምጥ የሚሰጠው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው ተባለች። ሌሊት ያለው ጡንቻ ላይ የሚወጋ ፔቲዲን ነው። እሱም ሃያ ደቂቃ ገደማ ወስዶ ይሠራል፣ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሆኖም ያፈዛል፣ ያስታውካል፤ መውለጃው ሲቃረብ ከተሰጠ ሕፃኑ ፈዝዞ ይወለዳል፣ ለመተንፈስም ሆነ ለመጥባት ይዘገያል። ስለዚህ ስትጠይቂ ቀደም ብለሽ ጠይቂ፣ ምን ያህል እንደተከፈትሽም አስመርምሪ አልኳት።

ባለቤቷ እንዲገባ ግን ተፈቅዶለታል። እሷም በየምሽቱ አልጋ ጠርዝ ተደግፋ የሚገፋበትን ቦታ ታለማምደዋለች። ትናንት ስትደውል መውለጃዋ ገና ስድስት ሳምንት እንደሚቀረው፣ እሱ ግን ከአሁኑ «ክንዴን አመመኝ» እያለ እንደሆነ ነገረችኝ።